ሦስቱ መንገዶች የሸሹት ቦታ

ጋሽ አስፋው ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው የገዛ ወንድማቸውን መቃብር ማግኘት አልቻሉም። መቃብሩ ከሚያስተምሩበት ክፍል መስኮት ቢርቅ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ይህን የምጽፈው ሰውዬውን ለማሳፈር አይደለም። እሳቸውንም እኔንም ያስተማሩን መምህራን አስጠኑን እንጂ ማየት አላስተማሩንም።

የተዋወቅነው በአጋጣሚ ነው። በየካቲት 2014 በመምህርነት መርሳ ተመድቤ ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ስሳፈር፣ አጠገቤ ከተቀመጡት ሽማግሌ የኮት ኪስ ጠመኔ ብቅ ብሎ አየሁ። ጠየቅኳቸው። የምሄድበት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ።

«የግድግዳ ካርታ ፍለጋ መጥቼ ባዶ እጄን መመለሴ ነው» አሉኝ። «የእኛው ተዘርፏል። ያለ ካርታ ምን ይዤ ክፍል እገባለሁ?»

«ልጆቹ ራሳቸው አይሥሉም?»

«ካርታ የሚሠራው ባለሙያ ነው፣ ልጄ። ተማሪ ያጠናል። የእኔን ተማሪ ከእንቅልፉ ቀስቅሰሽ የኢትዮጵያን ኬክሮስና ኬንትሮስ ብትጠይቂው አንድ ዲግሪ አይስትም።»

«ነሐሴ ላይ ጦርነቱን ሲሸሹ የትኛው ዲግሪ ጠቀማቸው?»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። ጋሽ አስፋው ግን አልተቆጡም።

«በዚህ ምላስሽ መርሳ ላይ ቤት የሚያከራይሽ አታገኚም» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ስለ ማሩ ነገሩኝ።

ማሩ ታናሽ ወንድማቸውና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። ጦርነቱ ሲደርስ አብዛኛው ሰው ሸሸ፤ እሱ የክፍሎቹን ቁልፎች ኪሱ ከትቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ተገደለ ይባላል፤ የት እንደ ወደቀ የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

«አሥራ አንድ ቦታ አስቆፍሬአለሁ» አሉ። «ወንዝ ዳር፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ እዚህ ነው የተባልኩበት ሁሉ። ፍትሐት ሳይደረግለት መንፈቁ ሊያልፍ ነው።»

«የቆፈሩባቸውን ቦታዎች ወረቀት ላይ አስቀምጠዋቸዋል?»

«ለምን? እዚህ አሉ» ብለው ግንባራቸውን ነኩ።

እንግዲያው አሥራ ሁለተኛውንም እዚያው ይቆፍሩ ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት።

ቁልፎቹ ከማሩ ጋር ስለ ጠፉ የክፍሎቹ በሮች በሽቦ ይታሰሩ ነበር። በማግስቱ ሽቦውን ፈትቼ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ጋሽ አስፋው ሊታዘቡኝ ኋላ ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ አራት ነገር ብቻ ሣልኩ፤ ትምህርት ቤቱን፣ መስጊዱን፣ ወፍጮ ቤቱንና ወንዙን።

«አሞራ ሆናችሁ ከላይ እዩት» አልኳቸው። «እያንዳንዳችሁ ዛሬ ጠዋት የመጣችሁበትን መንገድ ጨምሩበት።»

«የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ አስፋው ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ።

ሠላሳ ስምንት ልጆች ተራ በተራ ወጥተው ሣሉ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያን ክረምት ጦም ያደረ የሙሄዲን የሚባሉ ገበሬ ማሳ አለ። አብዛኞቹ ልጆች የሚመጡት በሦስት አቅጣጫ እሱን አቋርጠው ነው። ሰሌዳው ቀስ በቀስ በነጭ መስመር ተሞላ። የማሳው መሃል ላይ ግን መዳፌን የምታህል ቦታ ጥቁር ሆና ቀረች። የመስጊዱ መንገድ በግራ ዞራት፤ የወፍጮው በቀኝ። የወንዙም እዚያ ሲደርስ ሸሻት። ከሠላሳ ስምንቱ አንድም ልጅ አልረገጣትም።

«እዚህ ምን አለ?» አልኩ።

«ምንም» አሉ ባንድ ድምፅ።

በመስኮቱ አየሁ። እውነትም ምንም የለም። ደረቅ ሣር ነው፤ ዛፍም ድንጋይም አይታይም።

«ታዲያ ለምን ትዞሩታላችሁ?»

«እኛ አንዞርም፣ ቲቸር» አለች ናጅዋ የምትባል፣ መጨረሻ ሥላ ገና ሰሌዳው ጋ የቆመች ልጅ። «ቀጥ ብለን ነው የምንመጣው።»

ከጀርባዋ፣ በገዛ እጇ የሣለችው መስመር እንደ ቀስት ጎብጦ ነበር። ዞራ አየችው። ከዚያ እጇ ላይ የቀረውን ጠመኔ በቀሚሷ ጠረገች።

«ጅን ነው» አለ ሲራጅ ከመሃል። የክፍሉ ቀልደኛ እሱ ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀለትም።

ደወል ሲደወል ልጆቹ ወጡ። እኔና ጋሽ አስፋው መስኮቱ ጋ ቆመን አየናቸው። እየተሯሯጡ፣ እየተጓተቱ ማሳውን አቋረጡ፤ መሃሉ ላይ ሲደርሱ ውሃ በድንጋይ ዙሪያ እንደሚከፈል ተከፍለው እንደገና ገጠሙ። ወደ ታች ያየ ልጅ የለም።

«ልማድ ነው» አሉ ጋሽ አስፋው። «ከብትም ፊተኛው የሄደበትን ይከተላል። ትርጉም አትስጪው።»

«አንድ መንገድ ብቻ ቢጎብጥ እሺ እል ነበር። ሦስት መንገድ ከሦስት አቅጣጫ መጥቶ ካንድ ቦታ ሲሸሽ ግን እዚያ የሆነ ነገር ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ባይታይም።»

«በዚያ ማሳ ስንት ዓመት የተመላለስኩ ሰው ነኝ እኮ።»

«ዛሬ ጠዋትስ በየት በኩል መጡ?»

ጠመኔውን ሰጠኋቸው። ሊያስተባብሉኝ ቸኩለው ሣሉ። ጥቁሯ ቦታ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸው ወደ ግራ ታጠፈ። ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሡ ቆሙ።

«ስድስት ወር ሙሉ…» አሉና አልጨረሱትም።

ቀበሌው ፈንጂ እንዳይሆን አስፈተሸ፤ ከሰዓት ተቆፈረ። ክንድ ሳይጠልቅ ኮት ተገኘ። ከኮቱ ኪስ በገመድ የታሰሩ ቁልፎች ወጡ።

በዚያው ሳምንት ከሸሹበት ከግራና ከተማ የተመለሱት የሙሄዲን ሚስት፣ ወይዘሮ ለይላ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር። «ባሌ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ፊቱ የማይለይ ሰው ማሳዬ ላይ ወድቆ አግኝቼ ቀበርኩት፤ ጅብ እንዳያወጣው እሾህ ከመርኩበት አለኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ሳይነግረኝ እሱም ግራና ላይ ቀረ። አላህ ሁለቱንም ይርሐማቸው።»

ጅን የለበትም። ያልሸሹት ልጆች እሾሁን ዞሩ። እሾሁን አንዱ ለማገዶ ወሰደው፤ መንገዱ ግን እንደ ጎበጠ ቀረ። ኋላ የተመለሱትም መንገዱን ተከተሉ። ይህን ሁሉ አስረዳለሁ። ያም ሆኖ ያን ጠዋት፣ እሾሁን አይቼው የማላውቀው እኔም ዞሬው ነው የመጣሁት።

ማሩ በቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ፍትሐቱም ተደረገለት። ሐዘኑ ሲወጣ ጋሽ አስፋው መምህራን ክፍል መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እንዴት ነው የምታስተምሪው?» አሉ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ምን የት እንዳለ ይሥላሉ። ለምን እዚያ ሆነ፣ ከምንስ ጎን ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሥዕሉ ውስጥ የጎደለውን ይፈልጋሉ።»

«ኬክሮሱስ?»

«ይማሩታል። መጀመሪያ ግን የቆሙበትን ይወቁ።»

«የጎደለውን እኔም አልፈለግሁም» አሉ። «የነገሩኝን ብቻ ቆፈርኩ።»

ከዚያ ወዲህ አብረን አስተማርን። ልጆቹ ያልፈነዳ ብረት ያዩባቸውን ቦታዎች ሥለው ለቀበሌ ሰጡ፤ ሁለቱ ወንዙ ዳር ከብት የሚጠጣበት ነበሩና ፈንጂ አምካኞች መጥተው አነሡአቸው። ጎርፍ የሚገባባቸውን ቤቶች ከክረምቱ በፊት ለዩ። ዛሬ እያንዳንዳቸው ወደ ግራና የሚያወጡ ሦስት መንገዶችን ያለ መሪ ይሥላሉ። ደግሞ መሸሽ ቢመጣ ኬክሮስ የሚጠራ ልጅ ሳይሆን መንገድ የሚያውቅ ልጅ ቤተሰቡን ያወጣል። ይህን የማይቀበል መምህር ካለ መጥቶ ይሞግተኝ።

ግንቦት ላይ አዲሱ የግድግዳ ካርታ ከወልድያ ደረሰ። ልሰቅለው ወንበር ላይ ስወጣ ጋሽ አስፋው መስኮቱ ጋ ነበሩ። ልጆቹ በማሳው እየመጡ ነው።

«አሁንም ይዞራሉ» አሉ።

«አዎ።»

«እዚያ እኮ ማንም የለም።»

«ቀጥ ብላችሁ እለፉ ልበላቸው?»

አሰቡ። «ተይ። መጀመሪያ እነሱ ይዩት። ውረጂ፤ ዛሬ ክፍለ ጊዜው ማሳው ላይ ነው።»

ካርታውን እንደ ተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ልጆቹን ይዤ ቀደምኩ። ጋሽ አስፋው በመጨረሻ ወጡ፤ ሽቦውን ከማጠፊያው ነቅለው ጣሉት፣ በሩን ዘጉና እስከዚያ ቀን ሳይጠቀሙባቸው ከያዟቸው የማሩ ቁልፎች አንዱን መርጠው ቆለፉት።