የሐርተሼክ መንገድና የልጅቷ ደም

ከሐርተሼክ ወደ ጅጅጋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ሲያወሩ ሰማሁ፤ እሷ በሶማሊኛ አዴር፣ አጎቴ፣ ትላቸዋለች።

"አዴር፣ ደረት ኪስዎ ያለችው ብልቃጥ የማን ደም ናት?"

"የልጄ። የደም ካንሰር ነበረባት፣ መድኃኒቱን ጨርሳለች። ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ በደሟ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ጅጅጋ ይለኩላታል።"

"ባለፈው ምን አሉ?"

"በጣም ጨምሯል አሉን። በሽታው ተመለሰ ብለን ቤቱ ሙሉ ተላቀስን። እሷ ግን ፍየል ታሯሩጥ ነበር።"

"ያኔ ደሙን ማን አደረሰው?"

"የጫት መኪና። ጫቱን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ማን ይደርስበታል? ይበራል!"

"ታዲያ ደሙ እንደ ወተት ተንጧላ! ሲናጥ ሴሎቹ ይፈርሱና በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ይፈሳል። ማሽኑ ምን ያውቃል፣ ጨምሯል ይላል።"

"አላህ! የታመመው መንገዱ ነው በይኛ።"

"ይሄም ሚኒባስ ያው መንገድ ላይ ነው። ለምን ልጅቷን ራሷን አላመጧትም? ጅጅጋ ይቀዳላት ነበር።"

"እሷንማ መንገዱ እንዳያንገላታት ብዬ ነው እቤት የተውኳት።"

ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሁላችንንም ሲያዘልለን፣ እጄን የገዛ ባዶ ደረት ኪሴን አጥብቆ ይዞ አገኘሁት።