ባሕሩ መቼ ይጎድላል?

ሄሎ… ሄሎ… አዎ፣ ውባንተ ነኝ። ማን ልበል? … እንግዳው? ልጄ፣ አንተ ነህ? … ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ትሰማኛለህ? — ኩብራ፣ እስኪ የስልክ ቤቱን በር ግፊልኝ፣ ትራክተሩ አላሰማ አለኝ። — እህ፣ አሁን ሰማሁህ፤ ስልከኛዋን ነበር የማነጋግረው።

… የማለከልከው ሩጬ ነዋ። ልጅሽ ከውጭ ይደውላል ቢሉኝ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጥቼ፣ የሸሕዲ ሰው ሁሉ ማን ሞተ እያለ ተከተለኝ።

… ጓደኛህ አገኘሁማ ገባ። አብደራፊ እርሻ ላይ ኮምባይን መጠገን ጀምሯል። ውጭ አገር አብራችሁ ተምራችሁ፣ አብራችሁ ተሳፍራችሁ፣ አንተ መንገድ ላይ ቀረህ? … ነግሮኛል። መርከቡ አንዲት ውብ ከተማ ቢቆም ወረድህ፤ በሚቀጥለው እመጣለሁ ብለህ ቀረህ።

… ካርዱማ ደረሰኝ፣ ከነሥዕሉ። ራሴ አነበብኩት። … ምን ያስቅሃል? መሠረተ ትምህርት ገብቻለሁ። «ባሕሩ ያምራል፣ ዓሣው ይጣፍጣል» ይላል። የምትመጣበትን ቀን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ማንበቡ ያቃተኝ መስሎኝ ለመምህሬ ሰጠኋት፤ እሷም አጣችው።

… እኔማ ውሃው ሞልቶበት ነው ብዬ። ጓንግ ወንዝ ሲሞላ ሰው ማዶ ይቀር የለ? ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይጎድላል፣ ይሻገራል እያልኩ ሳወራ ከረምኩ። … አይጎድልም? ጭራሽ? … ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ፈረንጅ ሴት አግኝተህ ነው? ንገረኝ፣ አልቆጣም። … የለችም? ለዓሣው ነው እንዳልል፣ በልጅነትህ እሾሁ ወጋኝ ብለህ ሰፈሩን ያስጮህከው አንተ ነህ።

… ማን ጻፈልህ? … አጎትህ ቢሻው? አይ ቢሻው፣ አፉ አያርፍ። … አዎ፣ ልኬአለሁ። ሽማግሌ ልኬ ልጅ አስጠይቄልሃለሁ። እነሱም እሺ ብለዋል። … ሳልነግርህ፣ አዎ። አባትህም ሳያየኝ ነው ያገባኝ፤ ምን ጎደለበት?

… እና ለዚህ ነው መርከብ የምታሳልፍ? ኮምባይን ፈትቶ የሚገጥም ሰው አንዲት ልጅ ፈርቶ ከባሕር አፋፍ ይቀመጣል?

… ቆይ፣ ስማኝ ልጄ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰርጉ አይደለም። «በዚያው ቀረ» የሚሉኝ እንደሆነስ እያልኩ ነው። … ቃሉን እመልሳለሁ። ነገ ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄጄ፣ ልጄ አልፈቀደም እላለሁ። … ምን ያደርጉኛል? ቢቀየሙኝ ነው። አንተ ብቻ ና። … በጊዮርጊስ ማልኩልህ።

— ገባኝ ኩብራ፣ ልጨርስ ነው። — ሰዓቱ አለቀ ትለኛለች። በሚቀጥለው መርከብ? … አንተም ማልልኝ። … ጎሽ።

… ምን አልክ? … ልጅቱ ማን ናት? … አሃ። ቃሉን መልሺ ያልከኝ አሁን አይደለም ወይ? ስሟ ምን ያደርግልሃል? … ታውቃታለህ፣ እሷም ታውቅሃለች። … አልነግርህም። … እንዲያው የመጀመሪያውን ፊደልም አልነግርህ። — አንቺም አትሳቂ ኩብራ፣ ስልከኛዋ ትሰማናለች ይለኛል። —

… ምን? … ነገ አልሂድ? ቃሉ ይቆይ? … ከፍ አድርገህ በለው፣ አልሰማሁም። … ሰምቻለሁ፣ ደግመህ እንድትለው ነው። … እሺ፣ ይቆይ። እኔ ግን ሌላ ጠያቂ አላባርርልህም። … አይ፣ በስልክ አይሆንም። ስሟን መጥተህ ራሷን ጠይቃት። በል፣ ዘጋሁት።