«ከልጆች አትቀላቀልም»

የደብረ ብርሃኑ መኪና ሊሞላ ሦስት ሰው ቀርቶታል። እኔ ደግሞ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ቆሜ ፖስታ እጠብቃለሁ። ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ያለፉትን የሦስቱን ልጆች ስም ዛሬ ካላደረስሁ ቦታው ለሌላ ወረዳ ይሰጣል። ጭንቀት ሊገድለኝ ነው።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ጋሽ አባይነህ ፖስታውን ይዘው ሲደርሱ፣ ከገበያ የምትመለሰው መምህርት አደይ አየቻቸውና ሮጣ መጣች።

«ጋሼ፣ ሳያሽጉት ይስሙኝ። በፈተናው አንደኛ የወጣችው አብነት ለምን ቀረች?»

«የቀጥቃጩ የይሥሐቅ ልጅ? ኮሚቴው በሚሰጠው የሥነ ምግባር ነጥብ ከአሥር ሁለት አገኘቻ። ከልጆች አትቀላቀልም።»

«አምና ‹ልጆቻችን አብረዋት እንዳይቀመጡ› ተብሎ ሲወሰን የፈረሙት እርስዎ አይደሉም? በሩን ዘግተን ‹ለምን አልገባሽም› እንበላት?»

ሽማግሌው ፖስታውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ክፉ ሆኜ አይደለም ልጄ፤ ፈርቼ ነው። አዳሪ ቤት አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ዐይኗ ቢያርፍባቸውስ?»

«እኔ ዓመቱን ሙሉ ምሳዬን ከእሷ ጋር በላሁ፤ ይኸው ደኅና ነኝ። አምና የልጅ ልጅዎ ኮከቤ ስትታመም ማንን ጠረጠሩ?»

«ይሥሐቅን» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«ታይፎይድ ነበር፤ ያዳናት የጤና ጣቢያው መድኃኒት ነው። ነገ ሐኪም ስናጣ፣ ሐኪም የሚወጣትን ልጅ በዘሯ የጣልናት እኛው ነን።»

ኮከቤ በዝርዝሩ ሦስተኛ ናት። አብነት ከገባች የምትወጣው እሷ ናት። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴ አሳፈረኝ፤ የተማረ ሰው ዝምታ ካላዋቂ ፍርድ አይሻልም።

«ለኮከቤ አሥር ከአሥር የሰጠሁ እኔ፣ ለዚያች ሁለት የሰጠሁ እኔ» አሉ ፖስታውን ከጋቢያቸው አውጥተው ወደ እኔ እየዞሩ። «እስክሪብቶ ስጠኝ።»

ሁለቷን ሰርዘው አሥር ጻፉ፣ ከጎኑ ፈረሙ። የኮከቤን ስም ሊሰርዙ ሲሉ ግን እጃቸው ቆም አለ። ረዳቱ «ሞላ! እንሂድ!» እያለ ይጮኻል።

«ከርሞ እንደገና ትፈተናለች ጋሼ» አለች አደይ። «አብነትም በክረምት መጥታ ታስጠናታለች።»

ስሙን ሰርዘው በቦታው የአብነትን ጻፉ። ፖስታውን ተቀብዬ ገባሁ።

«ለኮከቤ ምን ሊሏት ነው?» አልኋቸው በመስኮት።

«እውነቱን። መጀመሪያ ግን ይሥሐቅ ቤት እሄዳለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማረሻቸውን ያስመቱት ቤቱ ሳይገቡ፣ ከደጅ ቆመው ነበር። መኪናው ሲነሣ ዞሬ አየኋቸው፤ የቀጥቃጩን መንገድ ይዘዋል።