ያልደረሰው የምስራች

ከአፍሪዳር ሰፈር ወደ አቲቆት ሰፈር በሚሄደው፣ ሼሩት በሚባለው የጋራ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት፣ አጠገቧ ካሉት ከማታውቃቸው አሮጊት ጋር ወሬ ጀመረች።

«እማማ፣ የምስራች ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ እስቲ፣ ልጄ።»

«ዓለም እያለቀላት ነው። ጦርነቱን አዩት? ረሃቡን፣ የመሬት መንቀጥቀጡን?»

«አየሁት። እኔም ቤት ቴሌቪዥን አለ።»

«ገና የባሰ ይመጣል!»

«ስሚ፣ እኔ ጎንደር ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ነው ያደግሁት። አንድ ሰው ‹የምስራች› ብሎ ሲገባ ‹ምስር ብላ› ለማለት እንሽቀዳደም ነበር። አንቺን ከአፍሪዳር ጀምሮ እየጠበቅሁሽ ነው። የታለ?»

«እሱን ላመጣው ነው እኮ። መጀመሪያ ምልክቶቹን...»

«ኧረ ዳይ! በቃ! ምልክቱማ የሮኬት ማስጠንቀቂያው አዛካ በጮኸ ቁጥር በዚህ ጉልበቴ ወደ መጠለያ ያስሮጠኛል። ሰው አስፈራርቶ ምስር አይበላም!»

አቲቆት መግቢያ ላይ ሾፌሩ ለአሮጊቷ ቆመላቸው።

«እማማ» አለች ወጣቷ ቀስ ብላ፣ «እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። አዛካ ሲጮኽ እንደ ሕፃን እንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ‹ጌታ ኢየሱስ፣ አለህ አይደል?› እለዋለሁ። አብሮኝ አለ። የምስራቹ ይኸው ነው።»

«አሁን ስወርድ?» አሉ ዘንቢላቸውን እየጎተቱ። «ይህን እዚያው አፍሪዳር ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!»

የምስራቹን መልስ ሳይሰጧት በሩ ስለተዘጋ፣ እኔ በእሳቸው ፈንታ በልቤ «ምስር ብዪ» አልኳት።