በሰንቡላ መሳቢያ የተገኘው ፋይል

ተቀመጡ። ብርጭቆውንም አስቀምጡ፤ ገና ነው። ጋዜጠኛ መጠጥ ካየ ጆሮው ይደፈናል።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የዚህ ጋዜጣ መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው የመጡ ዕለት፣ ዋና አዘጋጁ ለሰላምታ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸው እጁን አየት አድርገው፣ «ኮከብዎ ምንድን ነው?» አሉት። ሰውየው ደንግጦ፣ «ዋና አዘጋጅ ነኝ» አለ።

«እሱማ ሥራዎ ነው፤ ያልፋል።»

በሳምንቱ የታዋቂ ሰዎችን ፋይል ሁሉ ከፊደል ተራ አውጥተው፣ በየኮከባቸው በአሥራ ሁለት መሳቢያ ደለደሏቸው። እኔ የእርማት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስምና ማዕረግ ሳላጣራ ገጽ አላሳልፍም። አንዲት ማዕረግ ለማጣራት ምድር ቤት ወርጄ ኮከብ ቆጣሪ መሆን ዕጣዬ ሆነ!

አንድ ዝነኛ ዘፋኝ የሞተ ቀን፣ ገጹ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እየሮጥኩ ወረድኩ።

«እትዬ፣ የዘፋኙን ፋይል!»

«መቼ ነው የተወለደው?»

«እኔ የማውቀው የሞተበትን ነው!»

«ሞት ኮከብ የለውም» ብለው ሹራባቸውን መሥራት ቀጠሉ። ጋዜጣው ያለ ፎቶ ወጣ።

ጠባዩ ከኮከቡ ያልገጠመውን ደግሞ ያዛውሩታል። ያሸነፈ ዕለት ያለቀሰው ቦክሰኛ ከአሰድ፣ ከአንበሳው መሳቢያ፣ ተባሮ ሸርጣን ገባ። አንድ ሚኒስትር በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣን ሲለቁ፣ «አሰድ ወንበር አይለቅም፤ ልደታቸውን ዋሽተውናል» ተብለው ወደ ዓሣው፣ ወደ ሑት፣ ተሻገሩ። ሚዛን ውስጥ ደግሞ የተኳረፉ ሁለት የቼዝ ሻምፒዮኖች ነበሩ። እትዬ በፋይሎቻቸው መሀል ካርቶን አቆሙ።

«ወረቀት እኮ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ወረቀትም ያኮርፋል፣ የኔ ልጅ።»

አሥራ ሰባት አቤቱታ ጻፍኩ። ባለፈው ወር አሸነፍኩ፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሁሉም ወደ ፊደል ተራ ይመለስ የሚል ትእዛዝ ወጣ። የጎደለው የአቤት ባዩ፣ የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ለርክክቡ መሳቢያዎቹን ስፈትሽ፣ ሰንቡላ ውስጥ፣ በአንዲት ስመ ጥር የልብ ሐኪምና በአንድ የማራቶን ሯጭ መካከል የእኔን ስም አገኘሁ። ፋይሉ ውስጥ አሥራ ሰባቱ አቤቱታዎቼ በቀን ተራቸው ተሰድረዋል። ሁለት የፊደል ግድፈቶች በቀይ ታርመዋል። እርማቱ ልክ ነው፤ እሱ ነው ያናደደኝ።

እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም። እናቴ የምታስታውሰው መዝነቡን ብቻ ነበር። ሽፋኑ ላይ ግን በእትዬ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ልደት፦ ነሐሴ ሃያ አምስት። መጀመሪያ የጮኸብኝ ቀን ነው። ሲወለድም ሳይጮህ አልቀረም።»

እትዬ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ባለልደት አደረጉኝ። አመሰግናለሁ። ይህን ቃል ሳወጣ የሰማኝ ካለ ምስክር ይሁን። ትእዛዙ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። አልፈረምኩም፤ ወደፊትም አልፈርምም።

አንድ ስሕተት ግን አግኝቼብዎታለሁ። በአሥራ ሁለቱም መሳቢያ የእርስዎ ፋይል የለም። የሁላችንን ኮከብ ሲጠይቁ ኖሩ፤ የእርስዎን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ፋይል ከፍቼልዎ ከእኔው ጎን አስቀምጬዎታለሁ። መሀላችን ላይ ካርቶን አቁሜያለሁ፤ ራሴን አውቃለሁና።

አሁን ብርጭቆ አንሡ! ለእትዬ! ጉልበትዎ ደረጃ የማይፈራ፣ ዓይንዎ ግድፈት የማያልፍ ይሁን። ያስቀመጥኩዎ መሳቢያ ስሕተት ከሆነ፣ ይምጡና ፋይልዎን ያዛውሩት። ነሐሴ ሃያ አምስት፣ ምድር ቤት ቆሜ እየጮኽኩ እጠብቅዎታለሁ።