ማስታጠቢያ ይዛ የቆመችው

ሙላቴ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ሲበዛ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህንንም ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረድሁትም የወገቤን ሕመምና ንዴቴን አንድ ላይ ልዘፍዝፋቸው ብዬ ነበር።

ንዴቴ ምክንያት ነበረው። የትምህርት ቤታችን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ በቦርሳዬም ውስጥ ፋሲካ ጌጡ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት እንድትሰናበት የሚል ደብዳቤ ይዣለሁ። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ይፈርምበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉና በኩል መጥታ፣ አክስቷ ቤት ተጠግታ የምትማር ኤደን የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ አለች። ፋሲካ በየዕረፍቱ ይህችን ልጅ ቧንቧው አጠገብ ታቆማታለች፣ የውሃ ኮዳዋንም ታስይዛታለች። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ስትበላ፣ ኤደን ኮዳውን በሁለት እጇ ይዛ ደወል እስኪደወል ትቆማለች። ክንዷ ዝሎ ኮዳውን ዝቅ ካደረገች ፋሲካ ጣቷን ውሃ ነክራ ፊቷ ላይ ትረጭባታለች። ሌሎቹ ይስቃሉ።

ኤደን ትምህርት ቤት ከቀረች ዘጠኝ ቀን ሆናት። አክስቷ መጥታ፣ "ወደ አገሬ ስደጂኝ እያለች ታለቅስብኛለች፤ ከተመለሰች ደግሞ ትምህርቷ በዚያው አበቃ ማለት ነው" ብላ በፊቴ እንባዋን አፍስሳለች።

ወንዛዬ ስደርስ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። የወንዶቹ መታጠቢያ እንፋሎት ሞልቶት ግድግዳው እንኳ አይታይም። እስከ አንገቴ ውሃው ውስጥ ገባሁና ዓይኔን ጨፈንሁ። በዚያ ቦታ ሰው ድምፅ እንጂ መልክ የለውም፤ የሚያወራው ሰው ቅርብ ይሁን ሩቅ አይለይም። ሙቀቱ ሰውነቴን ፈታ ፈታ ሲያደርገው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ተንሳፈፍሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ዛሬም ሳስበው ሕልም ሕልም ይለኛል።

"እንዴት አደርህ ልጄ?" አለኝ ከእንፋሎቱ ውስጥ አንድ ድምፅ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንዴት አደሩ አባቴ?"

"ተመስገን ነው። ከየት ነህ?"

"ከደብረ ታቦር። መምህር ነኝ።"

"እሰይ! የአገሬ ልጅ ነሃ። እኔም እዚያው ነኝ፤ ጌጡ እባላለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ አገሩ ሽምግልና የሚጠራው እኔን ነው። አሁን ግን በስተርጅና እኔኑ ከሰሱኝ በለው!"

"ማን ከሰሰዎት?"

"ትምህርት ቤቱ! ልጄ ፋሲካ የሰው ልጅ አሰቃየች ብለው ለሰኞ ጠሩኝ። ምን በወጣት! ሰኞ ሄጄ ሥርዓት ምን እንደሆነ አስተምራቸዋለሁ።"

የዚያን ጊዜ የጠራሁዎት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ፈራሁ፤ እንፋሎቱም ሸፍኖኝ ነበር፤ ደግሞም፣ አልዋሽም፣ ሽማግሌውን አናግሬ ላጠምዳቸው ፈልጌ ነበር።

"ጋሽ ጌጡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልሁ ለስለስ ብዬ፣ "ልጅ በትምህርት ቤት የሚያደርገውን አንዳንዴ ከቤት ይዞት ይመጣል ይባላል።"

"ከእኔ ቤት? ኧረ በማርያም! በእኔ ቤት ዱላ የለም። ስድብ የለም። ሰክሮ የሚገባ የለም። ይህ ክፋት የመጣው ከፊልሙ ነው፣ ከከተማው ነው፣ ከእናንተም ነው። በእኛ ጊዜ መምህር ሲያስል ተማሪ ጸጥ ይል ነበር።"

"ልጅ የሚማረው ከዱላና ከስድብ ብቻ አይመስለኝም። ዝም ብሎ ከሚያየውም ይማራል።"

"ታዲያ ምን ታያለች? ሥርዓት ነዋ የምታየው!" አሉ፤ ውሃውን በመዳፋቸው ቸብ ሲያደርጉት ተሰማኝ። "እኔ ገበታ ስቀርብ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ማስታጠቢያውን ይዛ ትቆማለች። ታስታጥበኛለች፤ በልቼ እስክነሳ እዚያው ትቆማለች፤ ደግማ ታስታጥበኛለች። እናቴም ለአባቴ እንዲሁ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ጨዋታም አለን እኮ! አንዳንድ ቀን ስትለፋ ትውልና ቆማ እንቅልፍ ይጥላታል። ያን ጊዜ ጣቴን ነከር አደርግና ፊቷ ላይ እረጭባታለሁ። ብንን ስትል ልጆቹ በሳቅ ይንከተከታሉ። እሷም ትስቃለች። ቤታችን የሳቅ ቤት ነው፣ ልጄ።"

እኔ በዚያ በሚፋጅ ውሃ ውስጥ ሆኜ በረደኝ። ማስታጠቢያውና ኮዳው፣ የወይዘሮዋ ፊትና የኤደን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ ተደባለቁብኝ። የከተማችን ቤቶች ሁሉ፣ የእራት ገበታቸው ከነቆመውና ከነተቀመጠው፣ በዝግታ እየተንሸራተቱ ወደ ትምህርት ቤታችን ግቢ ሲገቡ ያየሁ መሰለኝ። የልቤ ንዴት ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ማዘን ብቻ ቀረኝ።

"ጋሽ ጌጡ" አልሁ፣ "ይቅር ይበሉኝ፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። የመጥሪያውን ደብዳቤ ጽፌ የጠራሁዎት እኔ ነኝ።"

"እንዴ!" አሉ።

የኤደንን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ኮዳውን፣ መቆሙን፣ ክንዷ መዛሉን፣ የተነከረውን ጣት፣ ሳቁን ነገርኋቸው።  

"አይደለም" አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። "አንድ አታድርገው፣ መምህር። ያች ልጅ ተገዳ ነው የምትቆመው። ጥሩወርቅ ወዳ ነው።"

"ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?"

"ምኑን?"

"ወደው እንደሚቆሙ።"

"እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ማን ይጠይቃል!"

"አንቱ እኮ ሽማግሌ ነዎት። የሰው ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ይፈርዳሉ?"

"ማን ጠበቃ አደረገህ?" አሉ ቆጣ ብለው። ቀጥለውም፣ "እሺ፣ እኔን መረመርኸኝ። አንተስ? ልጄን ይህን አደረገች ብለው ሲነግሩህ ምን አደረግሃት?"

ይህን አልጠበቅሁም። ለመዋሸት ከጅሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ጭጋግ ውስጥ ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"ሰልፍ ላይ አንበረከክኋት" አልሁ። "ባንዲራው ሥር፣ በተማሪው ሁሉ ፊት። 'እዩዋት!' ብያለሁ።"

"ሳቁባት?"

"ሳቁባት።"

"አየህ!" አሉ። በድል አድራጊነት አልነበረም፤ እንደደከመው ሰው ነው የተናገሩት። "እኔ አቆምሁ፣ እሷ አቆመች፣ አንተ አንበረከክህ። ታዲያ ማን ማንን ነው የሚከስ?"

እውነታቸውን ነበር። ሰውን በሰው ፊት ማሳነስ ለልጆቹ ከቤትም ከትምህርት ቤትም እያስተማርን፣ ልጆቹ ትምህርቱን ሲያጠኑት ደብዳቤ እንጽፋለን። ይህን ሳስብ ኀፍረት ተሰማኝ፤ ለእርሳቸውም ነገርኋቸው። 

"ለመሆኑ ጋሽ ጌጡ" አልሁ ወሬ ልለውጥ ብዬ፣ "ምንዎን አሞዎት መጡ?"

"እኔማ ደህና ነኝ። ጉልበቷን ነው፤ ጥሩወርቅን። ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ታድራለች። ፍል ውሃ ውሰዳት ቢሉኝ ከፋሲካ ጋር ይዣት መጣሁ።"

"ታዲያ ሴቶቹ ዘንድ ገብተዋል?"

"እኔ ስወጣ ትገባለች። ጋቢዬንና ደረቅ ልብሴን ይዛልኝ በር ላይ..."

ንግግራቸው እዚያ ላይ ተቋረጠ። ወዲያው፣ ፈጣሪ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል፣ ከበሩ ውጭ የሴት ልጅ ድምፅ ተሰማ።

"እማዬ፣ ብርድ ነው፤ ድንጋዩ ላይ አረፍ በይ እንጂ።"

"ተይ፣ አሁን ይወጣሉ" አለ የእናት ድምፅ። "ልብሱ ደግሞ መሬት ይነካብኛል።"

ጋሽ ጌጡ ከውሃው ሲነሡ ሰማሁ። ልብሴን ደርቤ ተከትያቸው ወጣሁ። ያን ጊዜ ነው መልካቸውን ያየሁት፤ ፎጣ ያገለደሙ፣ ረዘም ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋቢውንና ልብሱን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው፣ አንድ እግራቸውን ሸብረክ አድርገው በር ላይ ቆመዋል። ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሯል። ፋሲካ አጠገባቸው ናት። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ወደ እናቷም ተጠጋች።

ጋሽ ጌጡ ልብሱንና ጋቢውን ራሳቸው ወሰዱና ለበሱ። ከዚያም እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

"ነጠላሽን ስጪኝ፣ ጥሩዬ። ጫማሽንም። እኔ እይዝልሻለሁ፤ ገብተሽ ታጠቢ።"

"ምን ሆኑ አንቱ? ውሃው ከበደዎት እንዴ?"

"ምንም አልሆንሁ። ግቢ፤ እዚህ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።"

"ወየው ጉዴ! ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል!"

ወይዘሮዋ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላቸው እያዩ ገቡ። ጋሽ ጌጡ ነጠላውንና የላስቲክ ጫማውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። መንገደኛ ሰላም ይላቸዋል፣ ጫማውን ያያል፣ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እርሳቸው ፍንክች አላሉም። ጥቂት ቆይቶ ግን ከአንዱ እግር ወደ አንዱ እግር መዛወር ጀመሩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"መምህር፣ ቁሞ መጠበቅ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?" አሉኝ።

 

"አባባ፣ ልያዝልዎት?" አለች ፋሲካ።

"አይሆንም ልጄ። አንቺ ተቀመጪ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አልቆጣም። ያችን የጉና ልጅ ለምን አቆምሻት?"

ፋሲካ አቀረቀረች። ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ጓደኛዬ እንድትሆን ነበር የፈለግሁት" አለች። "የሚወዱን ሰዎች እንዲያ ቆመው የሚጠብቁን መስሎኝ ነው።"

ጋሽ ጌጡ ፊታቸውን በሚስታቸው ነጠላ ሸፈኑ።  እኔም ብሆን ቁጡው ሙላቴ እዚያች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን ጠርጌአለሁ፤ አላፍርበትም።

ሰኞ ጋሽ ጌጡ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ሥርዓት ሊያስተምሩን ዝተው የነበሩት ሰው ቆመው፣ "ልጄ ያጠፋችውን ያጠናችው ከእኔ ነው፤ ቅጡኝ" አሉ። እኔም ተነሥቼ የስንብቱን ደብዳቤ መልሼ ወሰድሁና ስለ ማንበርከኩ ጥፋቴን ተናገርሁ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ፣ ባዋረድኋት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ፋሲካን በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ርእሰ መምህራችን "ተማሪ ይንቅሃል" ብለውኝ ነበር። ማንም አልናቀኝም፤ እንዲያውም ክፍሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ጩኸት ይሰማኛል።

አባትና ልጅ ደግሞ የኤደን አክስት ቤት ሄደው ደጅ ላይ ይቅርታ ጠየቁ። ኤደን የመጀመሪያውን ቀን ከጓዳ አልወጣችም። በሁለተኛው ቀን ተመልሰው ሲሄዱ ወጥታ ሰማቻቸው። በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት መጣች።

ጋሽ ጌጡ በዓመቱ ቤታቸው ጠርተውኝ ገበታቸውን አየሁት። ማስታጠቢያው ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ተነሥቶ ይታጠባል፣ ለሌላውም ያፈስሳል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከባላቸው ጎን ተቀምጠው ይበላሉ፤ በጉልበታቸው ሕመም ሌሊት ማቃሰታቸውንም ትተዋል። "የፍል ውሃው ነው" ይላሉ ባልየው። "የመቀመጡ ነው" ይላሉ ሚስትየዋ። በዚህ ይከራከራሉ፤ ልጆቹም ይስቃሉ፤ የሚሳቅበት ሰው ግን የለም። ጋሽ ጌጡ ዛሬም ለሽምግልና ይጠራሉ። የልጅ ጠብ የመጣ እንደሆነ ታዲያ ልጆቹን ከመጠየቃቸው በፊት ወላጆቹን፣ "በእናንተ ገበታ ማን ይቆማል?" ይላሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ይቆጣል፤ ከዚያ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ያስተካክላል። በአካባቢያችን ከልጆች ድብድብ የሚመጣብን ክስ ቀንሷል፤ ከትምህርት የሚቀርም እንደ ድሮው የለም። ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ ነገ በሰው ልጅ ላይ የሚያደርገውን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግህም። ዛሬ ማታ ገበታህን ቀና ብለህ እይ።

ኤደን ከተመለሰች ከሳምንት በኋላ በዕረፍት ሰዓት በቧንቧው አጠገብ አለፍሁ። ፋሲካና ኤደን ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ምሳ ዕቃ ይበላሉ። አልተናገርኋቸውም፤ እንዳያዩኝም ቀስ ብዬ ረገጥሁ። ኮዳው በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልያዘውም።