ወተት ያልወጣው ሜፕል

ክቡራትና ክቡራን፣ የችግኝ ጣቢያችን ባልደረቦች፤ ለዚህ የጡረታ ስንብቴ አረንጓዴ ኬክም፣ ሥራ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁልኝም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ኃላፊያችን ቶርስተን "አጭር አድርጊው" ብሎኛል። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ ዛሬም ተስፋ አልቆረጠም!

ዛሬ ግን የማወራው ስለ ፍርሃት ነው።

በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሜፕል ዛፍ ዘር ለቀምኩ። ያለ ብርድ አይበቅልምና እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጌ የበረዶውን ወራት አሳለፍኩት። ችግኞቹ ወገቤ ሲደርሱ፣ ፈረስ አርቢዋ ጉንቮር ለፈረሶቿ ጥላ እንዲሆናት ስድስቱን ገዛችኝ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት፣ ደወለች።

"ሶልቬይ፣ ፈረሴ ስቲናና ልጇ ወድቀዋል! ሽንታቸው ቡና መስሏል። ሐኪሙ የጀርመን ሜፕል ቡቃያ በልተዋል ይላል። ምንድን ነው የሸጥሽልኝ?"

"ተራውን ሜፕል ነዋ!" አልኳት።

ተራው ሜፕል ፈረስን አይጎዳም፤ የጀርመኑ ግን ይገድላል። በዚያ ግቢ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ዘር ያራግፉ እንደነበር ትዝ አለኝ። የሜፕል ዘር ክንፍ አለው፤ ክንፉ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው የተራው፣ ወደ ታች የታጠፈው የጀርመኑ ዘር ነው። ታዲያ ያኔ አይቼ ለየሁ? አልለየሁም። ቸኩዬ ነበር።

ከባልደረባችን ከሲክስተን ጋር በመኪና ወደ ጉንቮር ግጦሽ በረርን። የመጀመሪያውን ዛፍ የቅጠል ዘንግ ቀነጠስኩ፤ ነጭ ወተት ወጣው። ተራው ነው። እስከ አምስተኛው ድረስ ወተት። ስድስተኛውን ቀነጠስኩ። ውሃ። ደገምኩት። ውሃ። የቅጠሉ ጫፍም እንደ ሌሎቹ የሾለ አልነበረም።

ሲክስተን በሹክሹክታ "ማንም አላየም" አለኝ። ሲክስተን፣ አትሸማቀቅ፤ እኔም አስቤው ነበር።

ጉንቮር ፈረሷ አንገት ሥር ተንበርክካለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስድስተኛው የጀርመን ነው" አልኳት።

ቀና እንኳ ሳትል "መጋዝ ይዘሻል?" አለች።

ያኔ ሁላችሁም መጣችሁ። ዛፉን ጥለን፣ ከሥሩ የበቀለውን ቡቃያ በእንብርክካችን ስንለቅም ዋልን። ስቲና በአራተኛው ቀን ቆመች። ልጇ ግን አልተነሳችም።

ያ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀኝም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ችግኙ ቅጠሉን ሲያራግፍ እንቡጡን እዩ፤ ቀላ ያለው የተራው፣ አረንጓዴው የጀርመኑ ነው። ስትጠራጠሩ ጠይቁ፤ ስታጠፉ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ።

እጃችሁ ይባረክ። የተከላችሁት ይጽደቅላችሁ። ከጥላው ሥር የተኛ ሁሉ በደኅና ይነሳ።